ምግብን መተው መድኃኒት የሚሆነው መቼ ነው? ከጨጓራ ቁስል እስከ ሲሊያክ

በአገራችን ሆዱን የታመመ ሰው ከሐኪም አስቀድሞ የሚያገኘው ምክር «ይህን ተው፣ ያንን አትብላ» የሚል ነው። በርበሬ ይቀራል፣ ቀጥሎ ቡና ይቀራል፣ ሽሮም ይነፋል ተብሎ ይቀራል። ሕመሙ ጋብ ሲል የተተወው ምግብ ጥፋተኛ ነበር ይባላል፤ ሲያገረሽ ደግሞ ሌላ የሚተው ምግብ ይፈለጋል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ የሕመምተኛው ገበታ በአልጫና በቂጣ ብቻ ይወሰናል። የትኛው ምግብ ለምን እንደ ተተወ ግን ራሱም አስተማማኝ መልስ የለውም።

ምግብን መከልከል እንደ ማንኛውም ሕክምና የራሱ ዒላማ፣ የራሱ መጠንና የራሱ ጉዳት ያለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ከሥርዓተ ምግብ መፈጨት ሕመሞች መካከል ሁለቱን እናነጻጽራለን። በአንደኛው ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ምግብ ሲከለክሉ መንሥኤው ሌላ ሆኖ ተገኝቷል። በሁለተኛው ደግሞ መድኃኒት ሲፈለግ ቆይቶ አንድ ምግብን ፈጽሞ መተው ብቸኛው ሕክምና ሆኗል። ሰፋ አድርገን የምንመለከተው ሁለተኛውን ነው፤ ከጤፍና ከወፍጮ ቤቶቻችን ጋር የሚያገናኘው ብዙ ነገር አለና።

የወተት ሥርዓት

እ.ኤ.አ. በ1915 በቺካጎ ይሠራ የነበረው ሐኪም በርትራም ሲፒ የጨጓራ ቁስል ያለባቸው ሰዎች በየሰዓቱ ወተትና ክሬም፣ በመካከሉም አሲድ የሚያረክስ ዱቄት እንዲወስዱ የሚያዝ የአመጋገብ ሥርዓት ይፋ አደረገ። አሳቡ ለሰሚው አሳማኝ ነበር፤ ቁስልን የሚያባብሰው አሲድ ከሆነ አሲዱን በለስላሳ ምግብ መሸፈን ይገባል። ሥርዓቱም ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት በብዙ አገሮች ሲሠራበት ኖረ። ወተት ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግስም በውስጡ ያሉት ፕሮቲንና ካልሲየም ጨጓራ ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ እንደሚቀሰቅሱ የታወቀው ዘግይቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 በአውስትራሊያ፣ በፐርዝ ከተማ፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ከሕመምተኞች ጨጓራ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ለይተው ማሳደግ ቻሉ። ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የምንለው ነው። ማርሻል የሚያምነው ሲያጣ እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ የጨጓራ ብግነት ያዘው። (ተማሪዎቻችን ይህን የሙከራ ዘዴ እንዳይከተሉ አደራ እንላለን።) ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከሕመም ማስታገሻ እንክብሎች ብዛት ከሚመጣው ውጪ አብዛኛው የጨጓራና የቀጭን አንጀት መነሻ ቁስል የዚህ ባክቴሪያ ውጤት ስለሆነ ለሁለት ሳምንት ገደማ በሚወሰዱ ፀረ ባክቴሪያና አሲድ ቀናሽ መድኃኒቶች ይድናል። በርበሬ ቁስል ያለበትን ሰው ሊያቃጥለው ይችላል፤ ቁስሉን የፈጠረው ግን በርበሬ አይደለም። በርበሬን ለዓመታት የተወና ባክቴሪያውን ያልታከመ ሰው ቁስሉን ይዞ ይኖራል።

ሙዝ፣ የዛጎል ሥጋና ዳቦ

ሁለተኛው ታሪክ የሚጀምረው በለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ሳሙኤል ጊ የተባለ ሐኪም ሆዳቸው የተነፋ፣ እጅና እግራቸው የመነመነ፣ የገረጣና የበዛ ሰገራ የሚያስወጡ ሕፃናትን ሁኔታ በዝርዝር ጻፈ። ሕመሙ ዛሬ ሲሊያክ ይባላል። ጊ ፈውስ ካለ በአመጋገብ በኩል ሊመጣ እንደሚገባው ገምቶ ነበር፤ የትኛው ምግብ እንደሚጎዳ ግን አላወቀም። በየዕለቱ ከሆላንድ የመጣ የዛጎል ሥጋ የበላ አንድ ሕፃን በሚገባ እንደ ተሻለው፣ ወቅቱ ሲያልፍ ግን ሕመሙ እንደ ተመለሰበት መዝግቧል። በተከታዩ ዓመት ሕፃኑ ያንን ምግብ አልቀምስም አለ፤ ሙከራውም በዚሁ ቆመ።

እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ሃስ ሕፃናቱን ሙዝ በብዛት እያበላ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ድንችና የእህል ምግቦችን ከለከለ። ልጆቹ ዳኑ፤ ምስጋናውም ለሙዝ ሆነ። እዚህ ላይ አንባቢያን ቆም ብለው እንዲያስቡ እንፈልጋለን። ሙከራው ተሳክቷል፣ ማብራሪያው ግን የተሳሳተ ነው። ልጆቹን ያዳናቸው የበሉት ሙዝ ሳይሆን ያልበሉት ዳቦ ነበር። ስሕተቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ሙዝ ሕመሙን ፈውሶታል ተብሎ ከታመነ ልጁ ከዳነ በኋላ ወደ ዳቦው እንዳይመለስ የሚከለክል ምክንያት የለም። በርካቶችም ተመልሰው ዳግም ለጉዳት ተጋልጠዋል።

መልሱን ያገኘው የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ነው። ዲከ በሄግ ከተማ ሲሠራ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ስንዴን ከሕፃናቱ ምግብ ለማስወጣት ሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በዘለቀው የረኀብ ክረምት በሆላንድ ዳቦ ጠፋ፤ ሕዝቡ የቱሊፕ አበባ ሥር እስከ መብላት ደረሰ። አገር በተራበበት በዚያ ወቅት የሲሊያክ ሕመምተኞች የሆኑት ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ። ዲከ ይህንና ያለፉትን ምልከታዎቹን በሥርዓት ወደ ተለካ ሙከራ ለውጦ፣ ስንዴ ሲሰጥና ሲነሣ በሰገራ የሚወጣው ስብ እንዴት እንደሚለዋወጥ ከባልደረቦቹ ጋር በመመዘን እ.ኤ.አ. በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ጎጂው የስንዴው ስታርች ሳይሆን ግሉተን የተባለው ፕሮቲኑ መሆኑ ተለየ።

ግሉተን አንጀት ውስጥ ምን ያደርጋል?

የስንዴ ሊጥ ሲለጠጥ የማይበጠሰው በግሉተን ምክንያት ነው። ግሉተን ፕሮሊንና ግሉታሚን በተባሉ አሚኖ አሲዶች የበለጸገ ስለሆነ የምግብ ኢንዛይሞቻችን ሙሉ በሙሉ ሊቆራርጡት አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2002 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተመራው ጥናት 33 አሚኖ አሲዶች ያሉት አንድ ቁራጭ የጨጓራን፣ የቆሽትንና የአንጀትን ኢንዛይሞች ተቋቁሞ ሳይፈጭ እንደሚቀር አሳይቷል። ይህ በማንኛችንም አንጀት ውስጥ የሚከሰት ነገር ነው፤ በአብዛኞቻችን ዘንድ ምንም አያመጣም።

በአንዳንድ ሰዎች ግን ነገሩ ከዚህ ያልፋል። ቁራጩ ወደ አንጀት ግድግዳ ሲዘልቅ ትራንስግሉታሚኔዝ የተባለ የራሳችን ኢንዛይም አንዳንዱን ግሉታሚን ወደ ግሉታሚክ አሲድ ይለውጠዋል። በለውጡ ቁራጩ አሉታዊ ሙል ያገኝና በበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ላይ ከሚገኙት ዲኪው2 እና ዲኪው8 ከተባሉት ተቀባዮች ጋር አጥብቆ ይያያዛል። ቲ ሕዋሳት ይህን እንደ ጠላት ይቆጥሩትና ዘመቻ ይከፍታሉ። የዘመቻው ዋና ሰለባ የቀጭኑ አንጀት ሽፋን ነው። በጤናማ አንጀት ቁመታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ቪላይ የሚባሉ ጣት መሰል ጉብታዎች አሉ። በእነዚህ ጉብታዎችና በላያቸው ባሉት እጅግ ረቂቅ ፀጉር መሰል ነገሮች አማካይነት የአንጀት የመምጠጫ ስፋት ብዙ እጥፍ ያድጋል። በሲሊያክ ጉብታዎቹ ይነጠፋሉ። በዚህ የተነሣ ብረት፣ ፎሌት፣ ካልሲየምና ስብ ወደ ደም ሳይገቡ ያልፋሉ። ሕመምተኛው ተቅማጥ ላይኖረው ይችላል፤ ብረት ቢወስድም የማይለቅ የደም ማነስ፣ የልጅ ዕድገት መዘግየት ወይም የአጥንት መሳሳት ብቸኛው ምልክት ሊሆን ይችላል።

በአውሮፓ ከሦስት ሰዎች አንዱ ገደማ ዲኪው2ን ወይም ዲኪው8ን ይዞ ይወለዳል፤ ሲሊያክ የሚይዘው ግን ከ100 ሰዎች 1 ያህሉን ነው። ስለዚህ ጂን ያስፈልጋል፣ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ስንዴም ያስፈልጋል። ለዚህ አስደናቂ ምሳሌ የሚሆነው በሰሜን አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት በምዕራብ ሰሐራ ሕዝብ ልጆች ዘንድ ሲሊያክ ከመቶ ከ5 በላይ እንደሚደርስ አመልክቷል። ሕዝቡ ቀድሞ በግመል ወተት፣ በተምርና በሥጋ ይኖር የነበረ ሲሆን በኋላ የስንዴ ዳቦ ዋነኛ ምግቡ ሆኗል። በከተሞቻችን ዳቦ፣ ፓስታና መኮሮኒ የዕለት ምግብ እየሆኑ በመጡበት በዚህ ዘመን «ሲሊያክ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለው አባባል ብዙ የሚያስተማምን አይመስለንም።

ሳይመረመሩ አለመተው

ግሉተንን መተው የጀመረ ሰው ከሚፈጽማቸው ስሕተቶች ከባዱ ከምርመራ በፊት መተው ነው። የሲሊያክ ምርመራ በደም ውስጥ የትራንስግሉታሚኔዝን ፀረ እንግዳ አካል በመለካት ይጀመራል፤ ከዚያም ብዙ ጊዜ በኢንዶስኮፒ ከአንጀት ናሙና ይወሰዳል። ሁለቱም የሚለኩት ግሉተን ያስከተለውን ምላሽ ነው። ግሉተን ከተቋረጠ ወራት ካለፉ ፀረ እንግዳ አካሉ ይቀንሳል፣ ጉብታዎቹም መብቀል ይጀምራሉ፤ ምርመራውም በሽታ የለም ሊል ይችላል። እውነቱን ለማወቅ ሕመምተኛው በሐኪም ክትትል ሥር ለሳምንታት እንደገና ስንዴ እየበላ መታመም ይኖርበታል።

«ዳቦ ስተው ተሻለኝ» ማለት ብቻውን ማስረጃ የማይሆነው ለዚህና ለሌላም ምክንያት ነው። ስንዴ ከግሉተን ሌላ ፍሩክታን የተባለ የማይፈጭ ስኳር ሰንሰለት አለው፤ ይህም በትልቁ አንጀት በባክቴሪያዎች ሲብላላ ሆድ ይነፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ግሉተን አይስማማንም የሚሉ፣ ሲሊያክ ግን የሌለባቸው 59 ሰዎች የሚበሉትን ሳያውቁ ግሉተን፣ ፍሩክታን ወይም ሁለቱም የሌሉበትን ምግብ አፈራርቆ ሰጣቸው። ይበልጥ የነፋቸው ፍሩክታኑ ነበር። ፍሩክታን በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርትም በብዛት ስለሚገኝ እንዲህ ያለ ሰው ዳቦውን ትቶ ወጡን ቢቀጥል ጥቅሙ ጎዶሎ ይሆናል። ደግሞም ለእርሱ የሚያስፈልገው ለጥቂት ሳምንታት ቀንሶ አንድ በአንድ እየመለሱ መሞከር እንጂ የዕድሜ ልክ ክልከላ አይደለም። ለሲሊያክ ሕመምተኛ ግን ክልከላው ዕድሜ ልክ፣ እስከ ሚሊ ግራም የሚቆጠር ነው።

ጤፍ፣ ወፍጮና እርሾ

ግሉተን የሚባለው ቤተሰብ በስንዴ፣ በገብስና በአጃ መሰሉ በራይ ይገኛል። ጤፍ በሣር ቤተሰብ ውስጥ ከእነዚህ ሩቅ ዘመድ ነው፤ የዘሩ ፕሮቲኖችም የእነርሱን ጎጂ ቅደም ተከተል አልያዙም። እ.ኤ.አ. በ2005 የሆላንዱ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዝርያዎችን በኢንዛይም ፈጭተው ከሲሊያክ ሕመምተኞች በተገኙ ቲ ሕዋሳትና በፀረ እንግዳ አካላት ፈተሹ፤ ምላሽ አላገኙም። የጤፍ ዝና ከዚህ ወዲያ በአውሮፓ ገበያ ናኘ። በዚያው አገር በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ ተሰጥቶ የነበረውና ብዙ ያነጋገረው የባለቤትነት መብት ግን እ.ኤ.አ. በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ተብሎ ተሽሯል።

ስለዚህ ኢትዮጵያዊው የሲሊያክ ሕመምተኛ ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል፤ አውሮፓዊው በውድ ዋጋ የሚፈልገው ምግብ በመሶቡ ውስጥ አለ። ይህ እውነት የሚሆነው ግን እንጀራው በእርግጥ የጤፍ ብቻ ከሆነ ነው። ጤፍ ሲወደድ ገብስ ወይም ስንዴ መቀላቀል የተለመደ ነው። የበቆሎ፣ የማሽላና የሩዝ ቅልቅል አይጎዳም፤ የገብስና የስንዴው ይጎዳል። በዓይንና በጣዕም ለመለየት ግን አስቸጋሪ ነው። በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድም የስንዴ ዱቄት የተጨመረበት እንጀራ ብዙ ነው። ከሱቅ የተገዛ እንጀራ ለእንዲህ ያለ ሰው አስተማማኝ አይሆንም።

ጤፉ ንጹሕ ቢሆንስ? ቁጥሩን እንመልከት። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2008 «ግሉተን የለሽ» ለሚባል ምግብ ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ ግራም 20 ሚሊ ግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ደግሞ በቀን 50 ሚሊ ግራም ግሉተን ለሦስት ወር ሲወሰድ ጉብታዎቹን እንደሚጎዳ አሳይቷል። አንድ ቁራጭ ዳቦ ከ2,000 ሚሊ ግራም በላይ ሊይዝ ይችላል። አሁን ወፍጮ ቤት እንግባ። ከእኛ ተራ በፊት ስንዴ ተፈጭቷል፤ በድንጋዮቹ መካከልና በመውረጃው ላይ 10 ግራም ዱቄት ቀርቷል እንበል። ከስንዴ ዱቄት ወደ 10 በመቶ የሚጠጋው ግሉተን ስለሆነ ይህ 1,000 ሚሊ ግራም ግሉተን ነው። ቀጥሎ የሚፈጨው ጤፍ አንድ ኪሎ ብቻ ቢሆን ከጣሪያው 50 እጥፍ ተበክሏል። ከዚያ ዱቄት በቀን 200 ግራሙን በእንጀራ መልክ የሚበላ ሰው 200 ሚሊ ግራም ግሉተን ይወስዳል። ሃምሳ ኪሎ ቢፈጭ ኖሮ አማካዩ ጣሪያው ላይ ይቆም ነበር። ቅሪቱ ግን እኩል አይበተንም፤ አብዛኛው ከመጀመሪያዎቹ ኪሎዎች ጋር ይወጣል። ስለዚህ ጤፍን በብዛት ማስፈጨት፣ የመጀመሪያውን ጥቂት ኪሎ ለሌላው ቤተሰብ መለየትና የሚቻል ከሆነ ከጤፍ በስተቀር የማይፈጭበትን ወፍጮ መፈለግ ትርጉም ያለው ጥንቃቄ ነው። ከአውድማ የመጣ የስንዴና የገብስ ፍሬ በጤፍ መካከል በቀላሉ ይለያል፤ በወንፊት ይቀራልና።

እርሾውም ሊረሳ አይገባም። ከቀድሞ ቅልቅል ቡሆ የተቀዳ እርሾ ግሉተኑን ይዞ ወደ አዲሱ ይሻገራል። መቡካት ግሉተንን በከፊል ይሰብራል እንጂ አያጠፋም፤ ስለዚህ እርሾውን ከንጹሕ ጤፍ እንደ አዲስ መጣል ያስፈልጋል። የስንዴ ቂጣ የተጋገረበትን ምጣድም በሚገባ ጠርጎ ማሰስ ይገባል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ለታመመ ሰው የምናቀርበው ምግብ ነው። ደካማ ሲታይ በሶ ይበጠበጥለታል፣ የአጃ አጥሚት ይሞቅለታል፣ የገብስ ገንፎ ወይም ቂንጬ ይሠራለታል። የሲሊያክ ሕመምተኛ በዚህ እንክብካቤ ይበልጥ ይታመማል። የአጃ ፕሮቲን ራሱ አብዛኞቹን ሕመምተኞች አይጎዳም፤ ችግሩ በእርሻና በወፍጮ ከገብስና ከስንዴ ጋር መደባለቁ ነው። በምትኩ የቡላ አጥሚት፣ የበቆሎ ወይም የማሽላ ገንፎ፣ ተልባና ሩዝ መስጠት ይቻላል። ቆጮ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሥጋና አትክልት ከግሉተን ነጻ ናቸው። ቆሎም ቢሆን የሽምብራና የሱፍ ከሆነ ይበላል። ጠላና ቢራ በብቅላቸው የተነሣ ይቀራሉ፤ ጠጅ ግን የማር ነው። ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ኅብስት ከስንዴ ስለሚዘጋጅ ጉዳዩን ከንስሐ አባት ጋር መምከር ያሻል።

በአንድ ትሪ መብላት ሌላው ፈተና ነው። ከጎን የተቀመጠው ሰው ዳቦ የቆረሰበት እጅ ወደ ወጡ ይገባል፤ ፍቅር የተሞላበት ጉርሻም ከየት እንደ መጣ አይጠየቅም። እምቢ ማለት እንደ ንቀት በሚቆጠርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ሕመምተኛው፣ በተለይም ወጣት ሲሆን፣ ከማብራራት ይልቅ መጉረስን ይመርጣል። አንድ ጉርሻ ወዲያው ላያሳምመው ይችላል፤ ይህ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ምልክት ባይኖርም በጉብታዎቹ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አይቀርምና። ለቤተሰቡ አንድ ጊዜ በግልጽ ተነግሮ የራሱ ሰሐን በቋሚነት ቢለይለት በየማዕዱ ከመከራከር ይገላግለዋል።

አመጋገቡ ከተስተካከለ በኋላ የደሙ ፀረ እንግዳ አካል በአንድ ዓመት ውስጥ በጉልህ ይቀንሳል፤ የአዋቂዎች አንጀት ግን ለመዳን ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግሉተኑን ፈጽሞ የተወ ሰው ወተት ሲጠጣ ሊያስቀምጠው ይችላል። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የሚገኘው በጉብታዎቹ ጫፍ ላይ ስለሆነ ከእነርሱ ጋር ጠፍቷል። በዚህ ጊዜ ወተትን ከጠላቶች ዝርዝር ውስጥ ለዘለቄታው መመዝገብ አይገባም። ለጊዜው በእርጎና በአይብ ይተካል፤ ጉብታዎቹ ሲያገግሙም፣ በተፈጥሮው ወተት የማይስማማው ካልሆነ በስተቀር፣ በግማሽ ስኒ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይመለሳል።